ቁልቁለት ላይ ያልተፈተነ ፈረስ

ከውድድር የተገለሉ ፈረሶችን በስጦታ ተቀብለን ለሚንከባከባቸው ሰው በውል በምናስረክብበት፣ ጅማ ከተማ በሚገኘው በጎ አድራጎት ድርጅታችን የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴን የሚያቃጥለኝ አንድ ርክክብ አለ።

ፈረሱ አዲስ አበባ ውስጥ ለመሰናክል ዝላይ የሠለጠነ የ14 ዓመት ዳማ ሲሆን፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአይሱዙ ተጉዞ ማታ ደረሰን። በማግሥቱ ሙቀቱን፣ የልብ ምቱን፣ ጥርሱንና ኮቴውን አየሁ፤ በደልዳላ ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ አስሮጥኩት፤ አላነከሰም። የቸኮልኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በረታችን የጋሪ ፈረሶች ከሚቆሙበት አጠገብ ነው፤ ከእነሱም መካከል ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይትስ ይዟቸው እግራቸውና አንገታቸው ላይ ቁስል በተርታ የወጣባቸው አይጠፉም። በሽታው በቁስል ንክኪና በዝንብ ስለሚተላለፍ አንድ ፈረስ እኛ ዘንድ ባደረ ቁጥር ስጋቴ ይጨምራል።

ተረካቢው ከዴዶ ደጋ የመጡ አዛውንት ነበሩ፤ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ሶላት የሚሄዱበት ፈረስ ይፈልጋሉ። ውላችን ስለ ግጦሹ፣ ስለ ውሃውና ስለ መጠለያው ይጠይቃል፤ ፈረሱ ጋሪ እንዳይጎትትና እንዳይሸጥም ይከለክላል። ሁሉንም አሟልተው ነበር። አውራ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ከግቢያችን ጀርባ ወዳለው ቁልቁለት እያዩ፣ «ልጄ፣ በዚያ በኩል ትንሽ ላውርደው?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ምርመራው ተጠናቋል፤ ወረቀቱ ይኸው» አልኳቸው።

ወረቀቱን አየት አድርገው፣ ምንም ሳይመልሱ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

በአራተኛው ቀን ደወሉ። ሄጄ ፈረሱን ቁልቁል ሳስነዳው ቀኝ የፊት እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ራሱን ወደ ላይ ያነሣ ነበር። የቀኙን ተረከዝ በመርፌ ሳደነዝዘው ማንከሱ ወደ ግራው ዞረ። ሁለቱም የፊት እግሮች የታመሙበት ፈረስ በደልዳላ መሬት እርምጃውን ያሳጥራል እንጂ ብዙ ጊዜ በግልጽ አያነክስም፤ ክብደቱ ወደ ፊት በሚጫንበት ቁልቁለት ላይ ግን ሕመሙን መደበቅ ይከብደዋል። ሐጂ የጠየቁኝ ነገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ለፈረሱ ሰጪ ስደውልለት፣ «መንገዱ እንዳይከብደው ብለን ፊኒልቡታዞን ሰጥተነዋል፤ ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር» አለኝ። ማንከስን የሚሸፍነውን ይህን የሕመም ማስታገሻ የሰጠው አዝኖለት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ፈረሱ ያገኛቸውን ዋንጫዎች ሳልጠይቀው አንድ በአንድ ዘርዝሮልኝ ነበር።

ፈረሱን መመለስ መብታቸው መሆኑን ለሐጂ ስነግራቸው ጋማውን እያሻሹ ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «ስንት ጥማድ ሣር እንዳለኝ ጠየቅኸኝ፤ ነገርኩህ። እኔ አንድ ነገር ብጠይቅህ ወረቀት አሳየኸኝ» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው እንጂ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ፈረሱን አልመለሱትም። በየስድስት ሳምንቱ እየሄድኩ ኮቴውን እከረክማለሁ፤ ሕመሙ የሚቀል እንጂ የሚድን ስላልሆነ በሜዳው ላይ ዝግ ብሎ ይግጣል። ሐጂ ለጁምዓ የሚሄዱት በእግራቸው ነው።

ቅጻችን ላይ ባለፉት 14 ቀናት የተሰጠ መድኃኒት የሚጻፍበት መስመር አስጨመርኩ፤ ፈረስም ሁለት ሳምንት ሳይቆይ እንዳይወጣ ወሰንኩ። ውሳኔውን ባለፈው ክረምት ራሴው አፈረስኩት፤ ከአጥራችን ማዶ ሁለት የጋሪ ፈረሶች ቁስል አውጥተው ስላየሁ አንዲት ባዝራ በስድስተኛ ቀኗ ሸኘሁ። ከመሄዷ በፊት ቁልቁለቱን ሁለት ጊዜ አወረድኳት፤ ከዚያም ልጓሟን ለተረካቢዋ ሰጥቼ እሳቸውም እንዲያወርዷት አደረግሁ። እንዲያም ሆኖ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር።