ሙሉ ደቂቃ መቁጠር

በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ውስጥ የታካሚን ገላ የሚያጥብ፣ አልጋ የሚያነጥፍ፣ መብላት ያቃተውን የሚያጎርስ፣ ቫይታል ሳይን (የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀትና የመሳሰሉትን) የሚለካ ሠራተኛ የጤና ረዳት ይባላል። ከእሱ ከፍ፣ ከነርስ ዝቅ ብሎ ደግሞ አሲስታንት ፕራክቲሽነር የሚባል የሥራ መደብ አለ። በብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ የደመወዝ እርከን የጤና ረዳቱ ባንድ 2 ወይም 3 ላይ ሲሆን አሲስታንት ፕራክቲሽነሩ ባንድ 4 ላይ ይመደባል። ወደዚያ የሚያደርሰው የደረጃ 5 ሥልጠና ሥራ ሳይለቁ የሚወሰድ ነው። ክፍያውን የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ሠልጣኙ ደመወዙን እያገኘ ይማራል። እኔም በአረጋውያን ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) ለዓመታት በጤና ረዳትነት ከሠራሁ በኋላ ገባሁበት።

መግባቴን የሰማች አንዲት ባልደረባዬ «እንግዲህ ከገላ ማጠብ ልትገላገዪ ነው» አለችኝ። በቅንነት ነው የተናገረችው። ብዙ ሰው ሥልጠናውን የሚያየው እንዲሁ ነው፤ ከአልጋው አጠገብ አንሥቶ ወደ ጠረጴዛ የሚያወጣ መሰላል ይመስለዋል። እኔ ይህን አስተሳሰብ አጥብቄ እቃወማለሁ። የምቃወምበትን ምክንያት ከማንኛውም ክርክር ይልቅ የሚያስረዳልኝ በሥልጠናው መካከል አንድ ጠዋት የገጠመኝ ነገር ነው።

በዋርዳችን በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ የቀድሞ የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩ አንድ አዛውንት ተኝተው ነበር። የመጡት ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ነው። ጠዋት ጠዋት ሳጥባቸው የከተማዋን የአውቶቡስ መስመሮች በየቁጥራቸው እየጠሩ ያስተምሩኛል፤ የትኛው መስመር የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ በበረዶ ጊዜ የትኛው ቁልቁለት ላይ ጎማ እንደሚንሸራተት። ቁጥር አሳስቼ ከደገምኩ ያርሙኛል። የመርሳት በሽታ የለባቸውም፤ እንዲያውም ከእኔ የተሻለ ያስታውሱ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት በፈረቃ ርክክብ ላይ ስለ እሳቸው የተነገረው «ሌሊቱን በሰላም ተኝተዋል» የሚል ብቻ ነው። ውሃና ፎጣ ይዤ ስገባ ዓይናቸው ክፍት ነበር። እንደምን አደሩ ስላቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ «ከጋራዡ ወጣ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ምኑ ብላቸው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። ጣቶቻቸው የብርድ ልብሱን ጠርዝ ያለማቋረጥ ይነካካሉ፣ ይለቅማሉ። ስለ መስመሮቻቸው አንድ ነገር ሆን ብዬ አሳስቼ ተናገርኩ፤ አላረሙኝም።

ሥልጠናውን ከመጀመሬ በፊት ቢሆን ኖሮ ለነርሷ የምነግራት «ሁኔታቸው አላማረኝም» ብዬ ነበር። እውነት ነው፣ አላማረኝም። የጤና ረዳቶች ይህንን ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ነገር አለ። ነገር ግን ሥራ የተቆለለባት ነርስ «አላማረኝም» የሚለውን ይዛ ሐኪም መጥራት አትችልም። ስለዚህ ንግግራችን አየር ላይ ይቀራል፤ የእኛም ዕውቀት እንደ ስሜት ብቻ ይቆጠራል።

የመለኪያ ማሽኑን አመጣሁ። የላይኛው የደም ግፊት 112፣ የልብ ምት 98፣ የኦክስጅን መጠን 96 በመቶ፣ ሙቀት 36.4። እንዲሁ ለሚያየው ሰው ምንም የሚያሳስብ ነገር የለውም። ማሽኑ የማይቆጥረው ግን ትንፋሽን ነው። በየዋርዱ የትንፋሽ ረድፍ ላይ 16፣ 16፣ 18፣ 16 እየተባለ ተሞልቶ ማየት የተለመደ ነው። ደረቱን በጨረፍታ አይቶ ደህና ይተነፍሳል ብሎ መጻፍ እንጂ ሰዓት ይዞ መቁጠር ብዙ ቦታ ይታለፋል። አስተማሪያችን ስለዚህ ጉዳይ ስትናገር ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። ያስተማረችን ዘዴ ይህ ነው፦ የልብ ምቱን በእጅ ከቆጠራችሁ በኋላ ጣታችሁን ከአንጓው ላይ አታንሡ፤ ታካሚው አሁንም ምቱን እየቆጠራችሁ ይምሰለው። ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው ሳይፈልግ አተነፋፈሱን ይለውጣልና። ከዚያ ደረቱን እያያችሁ ሙሉ ስድሳ ሴኮንድ ቁጠሩ።

ጣቴን አንጓቸው ላይ እንዳደረግሁ ቆጠርኩ። 24 ሆነ።

ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈራ የተማርኩት በቅርቡ ነበር። በኢንፌክሽን ምክንያት የሰውነት ሕዋሳት በቂ ኦክስጅን ሳያገኙ ሲቀሩ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል፤ ደም ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ሰውነትም ያንን ለማካካስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቶሎ ቶሎ ያስወጣል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የደም ግፊት ከመውረዱ በፊት ነው። አረጋውያን ላይ ደግሞ ከባድ ኢንፌክሽን እያለ ትኩሳት ላይኖር ይችላል፤ ቀድሞ የሚናወጠው አእምሮ ነው። ስለዚህ 36.4 የሚለው ሙቀት ምንም ዋስትና አይሰጥም።

በአገሪቱ ሆስፒታሎች የታካሚ ሁኔታ የሚመዘነው የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣውና በ2017 ባሻሻለው የማስጠንቀቂያ ነጥብ ነው። ስድስት ነገሮች ይለካሉ፤ ትንፋሽ፣ ኦክስጅን፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የንቃት ሁኔታና ሙቀት። እያንዳንዳቸው ከጤነኛው መጠን በራቁ ቁጥር ነጥብ ይጨምራሉ፤ ተጨማሪ ኦክስጅን ለሚሰጠው ሰውም ነጥብ ይታከላል። የ2017ቱ ማሻሻያ ካመጣቸው ነገሮች አንዱ አዲስ ግራ መጋባት ብቻውን 3 ነጥብ እንዲያሰጥ ማድረጉ ነው። የእሳቸውን ስደምር የልብ ምቱ 1፣ ትንፋሹ 2፣ ግራ መጋባቱ 3፤ በጠቅላላው 6። ትንፋሹን በልማድ 16 ብዬ፣ ንቃታቸውን «ነቅተዋል» ብዬ ብሞላው ኖሮ ያው ሰው በዚያው ደቂቃ 1 ነጥብ ብቻ ይኖራቸው ነበር። 1 ከሆነ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ይለካል። 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም በአስቸኳይ እንዲያይ ይጠራል።

ነርሷ መድኃኒት በማደል ላይ ነበረች፤ «አታቋርጡኝ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቀይ ሽርጥ ለብሳለች። አንድ ባልደረባዋ ስለቀረች የሁለት ሰው ሥራ ይዛለች። አዛውንቱ ግራ ተጋብተዋል ስላት ዓይኗን ከመዝገቡ ሳታነሣ «ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል እኮ፤ ገና መንቃታቸው ነው። ቁርስ ይብሉና እናያቸዋለን» አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም። እንዲህ ባለ ጠዋት ማንም ሊለው የሚችለውን ነው ያለችው።

በሥልጠናው አንድን ሁኔታ ለማሳወቅ የምንጠቀምበት ቅደም ተከተል አለ፤ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የበፊቱ ታሪክ፣ የለካሁት፣ የምጠይቀው። በዚያው ሄድኩበት። «ይቅርታ፣ ላቋርጥሽ ነው። ሰውየው ዛሬ ጠዋት የጀመረ ግራ መጋባት አለባቸው። የመጡት በመውደቅ ነው፣ የመርሳት በሽታ የለባቸውም፤ ትናንት ሳጥባቸው ንግግራቸው ፍጹም የተስተካከለ ነበር። ትንፋሻቸውን ሙሉ ደቂቃ ቆጥሬ 24 ሆኗል። ድምሩ 6 ነው። አሁን መጥተሽ እንድታያቸው እፈልጋለሁ» አልኳት። የበሽታ ስም አልጠራሁም። በውስጤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ብዬ ገምቼ ነበር፤ ግን መርምሮ በሽታውን መሰየም የእኔ ሥራ አይደለም። ያየሁትን በትክክል ማቅረብ ነው ሥራዬ፤ እሱም ትንሽ ሥራ አይደለም።

የመድኃኒት ጋሪውን ቆልፋ ተከተለችኝ። ራሷ ሰዓቷን ይዛ ቆጠረች። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ትንፋሻቸው 25 ሆኖ ነበር። 25 ደግሞ 3 ነጥብ ነው፤ ድምሩ 7 ሆነ። 7 የድንገተኛ ቡድን የሚጠራበት ቁጥር ነው። ወዲያው ስልክ አነሣች።

ሐኪሙ ሲደርስ ሁሉም ነገር ፈጠነ። የደም ምርመራ ታዘዘ፣ ፈሳሽ ተሰቀለ፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥር እንዲሰጥ ተወሰነ። በዚህ መካከል ሐኪሙ የደም መቅጃውን ዕቃ ወደ እኔ እየገፋ «አንቺ መቅዳት ትችያለሽ አይደል?» አለኝ። እጄ ይችል ነበር። በነርስ ክትትል ሥር ብዙ ታካሚዎች ላይ ሠርቼዋለሁ። ሆኖም ብቻዬን እንድሠራ የብቃት መዝገቤ ላይ ገና አልተፈረመልኝም። «በክትትል ሥር ነው የሠራሁት፤ ለብቻዬ አልተፈቀደልኝም» አልኩት። ቅር አላለውም። «እንግዲያው እኔ እቀዳለሁ፤ አንቺ ሽንታቸውን በየሰዓቱ ለኪልኝ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እዚህ ላይ ለሠልጣኞች ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ነገር አለኝ። አሲስታንት ፕራክቲሽነር እንደ ነርስ በነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት የሚመዘገብ ባለሙያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2019 ጀምሮ የሚመዘገበው ነርሲንግ አሶሺየት የሚባለው ሌላው መደብ ነው። ስለዚህ ምን እንደተፈቀደልን በዝርዝር የሚናገረው ያ የተፈረመበት መዝገብ ነው። በየዋርዱ «አንቺ እኮ ትችያለሽ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜ ምስጋና አስመስሎ ነው የሚናገረው። ችሎታና ፈቃድ ግን የተለያዩ ናቸው። አልተፈቀደልኝም ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ችግር ቢመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ታካሚው ነው።

የአዛውንቱ ሕመም ከሽንት ቧንቧ ተነሥቶ ወደ ደም የገባ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። ከቀናት ሕክምና በኋላ አእምሯቸው ተመለሰ። ያንን ጠዋት ፈጽሞ አያስታውሱትም።

ስለ አሲድና ትንፋሽ የተማርኩበትን ትምህርት ላለመቅረት ታግዬ እንደነበር መናገር አለብኝ። እኔ ስገባ የነበረው ደንብ ሠልጣኙ በሳምንት በአማካይ ቢያንስ 6 የሥራ ሰዓት ለትምህርት እንዲሰጠው የሚያስገድድ ነበር፤ ይህም ደመወዝ የሚከፈልበት ሰዓት ነው። በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ዋርዱ ሰው ሲጎድለው ግን መጀመሪያ የሚነካው ያ ሰዓት ነው። ያ ትምህርት በተሰጠበት ሳምንትም «ዛሬን ብቻ ቅሪልን» ተብዬ ነበር። የአሠልጣኝ ተቋሙን ደብዳቤ አሳይቼ ሄድኩ። ባልደረቦቼን ጥዬ መሄዴ ከብዶኛል፤ ፊታቸውም ጥሩ አልነበረም። አሁንም ቢሆን ግን ሠልጣኝ የሆነ ሁሉ የትምህርት ሰዓቱን በጽሑፍ እንዲያስይዝ፣ ሲነጠቅበትም ቀኑን መዝግቦ እንዲያሳውቅ እመክራለሁ። የተነጠቀው ትምህርት የትኛው ታካሚ አልጋ አጠገብ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ካሚላ ካቨንዲሽ ለመንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት በጤናና በማኅበራዊ እንክብካቤ ያሉ ረዳት ሠራተኞች ተገቢ ሥልጠናና ዕውቅና እንዲያገኙ ጠይቀው ነበር። ለአዳዲስ ረዳቶች የሚሰጠው የእንክብካቤ የምስክር ወረቀት ከዚያ በኋላ በ2015 ተጀመረ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። አልጋ አጠገብ ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፈው ሰው ትንሹን ሥልጠና ይዞ እንዲቆም መተው ለማንም አይበጅም።

ገጠመኙን የታካሚውን ማንነት ሳልገልጽ ለፖርትፎሊዮዬ (ለሥልጠናው የሥራ ማስረጃ ለማጠራቅምበት መዝገብ) ጽፌ ሳቀርብ ገምጋሚዬ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ባታውቂያቸውስ ኖሮ?» አለች። መመሪያው መልስ አለው፤ ግራ መጋባቱ አዲስ ይሁን የቆየ ካልታወቀ፣ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አዲስ ነው ተብሎ ይያዝ ይላል። ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። እኔ ዕረፍት ላይ ብሆን፣ በቦታዬ ለአንድ ቀን ብቻ የተላከ ሠራተኛ ቢኖር፣ ሰውየው ስለ ጋራዥ መጠየቃቸው የሁልጊዜ ጠባያቸው መስሎት ያልፍ ነበር። ሲያጥቧቸው የሚያወሩት ነገር የትም አልተጻፈማ!

ለዋርዱ ኃላፊ ሐሳብ አቀረብኩ፤ በርክክብ ወረቀቱ ላይ በእያንዳንዱ ታካሚ ስም ሥር «በደህናው ጊዜ እንዴት ናቸው» የሚል አንዲት መስመር ትጨመር፣ የሚሞላትም ገላቸውን የሚያጥበው ረዳት ይሁን አልኩ። መጀመሪያ ወረቀቱ በዝቷል አለችኝ። በኋላ ግን ለሙከራ ትሁን ብላ ፈቀደች። መጀመሪያ አካባቢ «ደህና» ብቻ ብለው የሚሞሉ ነበሩ። አሁን የሌሊት ረዳቶቹ «ስማቸውን ሁለት ጊዜ ካልጠሯቸው አይመልሱም፣ የመስማት ችግር ነው» የመሳሰለ ዝርዝር ይጽፋሉ። እኔ ደግሞ አዲስ ታካሚ ሲገባ ለቤተሰቡ ደውዬ «ቤት ሳሉ ጠዋት ሲነሡ እንዴት ናቸው?» ብዬ እጠይቅና መልሱን እዚያችው መስመር ላይ እጽፋለሁ።