የታሰሰ ምጣድ

እሁድ ነው። ምንም አልሠራሁም። ልብስ ላጥብ ብዬ ነከርኩ፣ እሱንም እንደነከርኩት ትቼዋለሁ። ትናንት የመ. ሠርግ ነበር (አዎ፣ ያቺ «ባል ምን ያደርግልኛል» ስትል የከረመችው መ.)። ዛሬ ደግሞ ከድግስ ማግስት የሚመጣው ያ ባዶ ባዶ የሚል ነገር ወርሶኛል። አልጋ ላይ ተጋድሜ በቴሌግራም የተላኩትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ሳይ ዋልኩ።

ስድስት ሚዜዎች ተሰልፈናል። አምስቱ ፊት አላቸው። ስድስተኛዋ አምፖል ናት።

ምጣድ ሲታሰስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የተደቆሰ የጎመን ዘር የጋለው ምጣድ ላይ ጣል ይደረጋል፣ ከዚያ በጨርቅ እሽት እሽት። ጥቁሩ ሸክላ ያብረቀርቃል። እንጀራው እንዳይዝ ነው። የእኔም ፊት ወዛም ስለሆነ ምንም አይዝበትም። ፓውደር አይዝም፣ ፋውንዴሽን አይዝም። 3,000 ብር የተከፈለበት ሜካፕ ኬክ እስኪቆረስ እንኳ አልጠበቀኝም። ፎቶ አንሺው ፍላሽ በለቀቀ ቁጥር ግንባሬ ተቀብሎ መልሶለታል።

ሌላው ሰው ሠርግ ላይ ስለ ፍቅር ያስባል። እኔ የማስበው ስለ ሶፍት ነው። ሶፍቱን ጫን አድርጎ ማንሳት እንጂ መጥረግ አይደለም፣ ይኼ የ20 ዓመት ልምድ ነው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሶፍቱን ወደ መብራቱ አነሳና አየዋለሁ። ለምን እንደማየው አላውቅም። ፓስቲ የተጠቀለለበት የደብተር ወረቀት ነው የሚመስለው።

ነገሩ የጀመረው ሰባተኛ ክፍል ነው። ያኔ «ፋኖስ» ነበር የሚሉኝ። ብጉሩም አብሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ ፊቴ ጓዳ ሆኖ ነው የኖረው። እርድ፣ ማር፣ እርጎ፣ እሬት፣ የእንቁላል ነጭ… ከበርበሬ በቀር ያልገባበት የለም። እርዱ ቢጫ ስላደረገኝ ሰፈር ውስጥ «ጉበቷን ሳያማት አይቀርም» ተብሎ ተወርቷል። የሎሚው ግን ቀልድ አይደለም። ሎሚ ተቀብቼ ቀትር ላይ ወጣሁ። ጉንጬ ተቃጠለ፣ የተወው ጥቁር ምልክት እስኪጠፋ ወራት ፈጀ። ሎሚና ፀሐይ አንድ ላይ ቆዳ እንደሚያቃጥሉ ያኔ የነገረኝ የለም። እናንተ ይኸው ተነግሯችኋል።

በቀን አምስት ጊዜ በልብስ ሳሙና የታጠብኩበት ዘመንም አለ። ፊቴ ተወጥሮ መሳቅ ያቅተኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ያው ነው። ደረቅም ወዛምም መሆን በአንድ ጊዜ ይቻላል ብላችሁ ታምናላችሁ? ይቻላል።

ከዚያ አንድ ስም የለሽ ክሬም መጣ። ሱቅ ውስጥ ከሦስት ዕቃ ተቀላቅሎ ምንም ጽሑፍ በሌለበት ቆርቆሮ የሚሸጠው። ሦስት ሳምንት መልአክ መሰልኩ፣ ሰው ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይለኝ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ፊቴ ፈነዳ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ያኔ ነው። ቆርቆሮውን አሸተተችውና «ስቴሮይድ ሳይኖርበት አይቀርም» አለችኝ። መጀመሪያ ያለሰልሳል፣ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ብጉሩንም ይጠራዋል።

እሷ የነገረችኝ ሁሉ ቀላል ነበር። እንዲያውም ቀላልነቱ አናደደኝ። ጠዋትና ማታ ብቻ፣ ለስለስ ባለ ማጠቢያ፣ ለብ ባለ ውሃ። ማታ ትንሽ ሳሊሲሊክ አሲድ፤ ቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ የተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ዘይት የሌለው ሎሽን። «ዶክተር፣ በቅባት ላይ ቅባት?» አልኳት። አዎ አለች። ሳንስክሪንም ጨመረችብኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣሽ ቁጥር የፀሐዩ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል ብላ። እስከ ዛሬ ይህንኑ ነው የማደርገው፣ ብጉሩም ሄዷል። ቅባቱ ግን አለ። እሱ እንደማይሄድ ያን ዕለት ነግራኛለች፦ «ቆዳሽ አልታመመም፣ የቅባት እጢዎችሽ ብርቱ ናቸው። ሆርሞንም አለበት፣ ዘርም አለበት። ከማን ወሰድሽው?»

ከማን እንደወሰድኩትማ አውቃለሁ።

ግን ከዚያ በፊት አያቴ ትቅደም። አያቴ የእኔን ፊት ስታይ «ተመስገን፣ ወዝቷል» ነበር የምትለው። ወዝ ማለት ለእሷ ጤና ነው፣ ጥጋብ ነው፣ ደም ግባት ነው። እሷን የሚያስጨንቃት አመዳም ፊት ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ ቫዝሊኑን በመዳፏ አሙቃ ከግንባር እስከ ቅልጥም ትለቀልቀን ነበር፣ አመድ መስለን ከታየን የተዋረደችው እሷ ናት። እሷ ራሷ መሐል አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ ጣል አድርጋ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ቅቤው እየቀለጠ በግንባሯ ሲወርድ አትጠርገውም። ያ ግንባር ዛሬ ቢሆን ኖሮ «ማቲፋይንግ» (ወዝ አጥፊ) የሚል ዕቃ ይገዛለት ነበር።

አስቡት እስቲ። ምግቡ ሲጥም ወዝ አለው እንላለን። ንግግሩ ሲደርቅ ወዝ የለውም። በልፋት የተገኘ ነገር በወዝ የተገኘ ነው። ቋንቋው በሙሉ ወዝን ሲያወድስ የኖረ ነው። እኔ ደግሞ ከደሞዜ እየቀነስኩ ወዝ ማጥፊያ እገዛለሁ።

ወዝአደርም አለ። ወዝ-አደር። በወዙ የሚያድር። በደርግ ጊዜ ይህ ቃል የሌለበት መፈክር አልነበረም ይላሉ። አንዳንዱ ላብአደር ይላል፣ አንዳንዱ ወዝአደር። «ወዝ ሊግ» የሚባል የፖለቲካ ድርጅት እንኳ ነበር፤ ዛሬ ቢኖር በዚህ ግንባሬ ያለ ምርጫ ሊቀመንበር ነበርኩ። (ቀልዱ ይቅርብኝ። የዚያ ዘመን ነገር ደም አለበት።)

አባዬ ወዝአደር ነበር። እውነተኛው። አቃቂ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል። የሠራተኛ ማኅበር መታወቂያው እኔ ዘንድ ነው፣ የ1974። እሱን ፍለጋ ተነስቼ ቁምሳጥን ስበረብር ቆየሁ፣ ለዚያ ነው ይህ ጽሑፍ እዚህ ጋ ሁለት ሰዓት የተቋረጠው። አገኘሁት። ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ፣ ጠርዙ በማኅተም ተበልቷል። እና ግንባሩ ላይ፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ፣ ያ ነጭ ብርሃን አለ። ፍላሹን መልሶታል። ልክ የእኔ ቦታ ላይ። የትናንቱን ፎቶ በስልክ ከፍቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። እሱ የ26 ዓመት ልጅ ነው። ታናሽ ወንድሜ መሰለኝ።

ሐኪሟ ካለችው ሁሉ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። እነዚህ እጢዎች የሌሉበት ቦታ መዳፍና ውስጥ እግር ብቻ ነው ማለት ይቻላል ብላኛለች። መዳፍ ያልበዋል እንጂ ቅባት አያወጣም። የአባዬ መዳፍ ትዝ አለኝ። ፀጉሬን ሲዳብሰኝ ክር የሚስብ መዳፍ። ሹራቤን ሲይዘኝ ይመዘዝብኝ ነበር እኮ፣ የመዳፉ ስንጥቃት ክሩን ይዞ። ወዙ ሁሉ ፊቱ ላይ ነበር፣ ሥራው ሁሉ እጁ ላይ። «ወዝአደር» የሚለውን ስም ያወጡለት ሰዎች እጁን አላዩትም ማለት ነው? ወይስ ወዝ ሲሉ ላብ ማለታቸው ብቻ ነበር፣ እኔ ነኝ ከፊት ቅባት ጋር የማምታታው?

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። እዚያ ፎቶ ላይ ያለው ብርሃን ቅባት ነው ወይስ ላብ? ከፈረቃ ወጥቶ ነው የተነሳው? ሽመና ክፍል ይሞቃል ይል ነበር፣ ክሩ እንዳይበጠስ አየሩን ያረጥቡታል። ላብ ከሆነ እኔ ግንባሬን ከእሱ አልወረስኩም ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት «የአባቴ ነው» እያልኩ የተጽናናሁት በከንቱ ነው።

ለእማዬ ደወልኩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል፣ ደንግጣ ነው ያነሳችው።

«እማዬ፣ የአባዬ ፊት ይወዛ ነበር?»

«ምን?»

«ፊቱ። ይወዛ ነበር ወይስ ያልበው ነበር?»

ዝም አለች። ቴሌቪዥኑ ከጀርባዋ ይሰማል። ከዚያ፣

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች። «ፋብሪካው መታጠቢያ ነበረው። ሁልጊዜ ታጥቦ ነበር የሚገባው። ሳሙና ሳሙና እየሸተተ።» ትንሽ ቆየችና «ምን አስጠየቀሽ በዚህ ሌሊት? ታመሻል እንዴ?»

የሠርግ ፎቶ ላይ ግንባሬ አብረቅርቆ ነው ይባላል? «እንዲሁ ነው እማዬ» አልኳት።

ልብሱ እስካሁን እንደተነከረ ነው።