ጣና በዓመት አንዴ ይሸሻል

ባለፈው ሚያዝያ ለ10ኛ ክፍል ስለ ጨው ረግረግ እያስተማርኩ ነበር። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ይህን ከተማሪዎቼ አልደበቅኩም። ሰሌዳው ላይ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበትን አፍ ሣልኩ። ዳርና ዳሩን ሣር ሞላሁበት። ባሕሩ በብዙ ቦታ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሣሩ ውስጥ ይገባል፣ ሁለቴ ይሸሻል አልኳቸው። ውሃው ሲገባ ትንንሽ ዓሦች ተከትለው ይገባሉ፤ ሣሩ ሥር ትልና ቀንድ አውጣ ይለቅማሉ። ትልልቆቹ ጥልቅ ውሃ ስለሚፈልጉ እስከዚያ አይዘልቁም። ውሃው ሲሸሽ ግን ትንንሾቹ በጠባብ ቦይ መውጣት ግድ ይሆንባቸዋል። ቦዩ አፍ ላይ ደግሞ አፉን ከፍቶ የሚጠብቃቸው አለ። ረግረጉ ያበቀለው ሁሉ እንዲህ አንዱ ሌላውን እየበላ እስከ ጥልቁ ባሕር ይደርሳል።

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ጣናስ ለምን አይሸሽም?"

ሐይቅ ከባሕር ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ ጨረቃ ብትስበውም በዓይን የሚታይ ነገር የለም ብዬ መለስኩላት። መልሱ ልክ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኔ እኮ ያደግኩት ጣና ዳር፣ ቁንዝላ አካባቢ ነው። ጣና እንደሚሸሽ በእግሬ አውቃለሁ። በቀን ሁለቴ አይደለም እንጂ በዓመት አንዴ ይሸሻል።

ሰኔ መግቢያ ላይ ውሃው ወርዶ ደንገሉ ጭቃ ላይ ቆሞ ይቀራል። ከብት ይገባበታል። ከዚያ ግልገል አባይ የሚባለው ወንዝ በሰከላ በኩል የዘነበውን ሁሉ ተሸክሞ፣ ቀልቶ ይመጣል። ሐይቁ እስከ መስከረም ድረስ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ለባሕር ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። የኛ ዳርቻ ግን ሜዳ ነው፤ ትናንት ከብት የጋጠው ሣር ዛሬ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ተውጦ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ የሚገባው አምባዛ የሚባለው ዓሣ ነው። ሆዱን ጭቃው ላይ እየሳበ፣ ጀርባው ከውሃው በላይ እየታየ ይመጣል። አየር ከላይ መሳብ ስለሚችል የደፈረሰ ውሃ አያስጨንቀውም። እንቁላሉን እዚያው ሣሩ ላይ ይጥላል። ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ በበኩሏ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ይዛ ደንገሉ ጥግ ትከርማለች።

ነጭ ዓሣ ሌላ ታሪክ ነው። ጣና ውስጥ 15 ያህል ዓይነት ነጭ ዓሣ አለ፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ለይቶ አስቀርቷቸዋል። 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። የሚገርመው መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የለም፤ የሚያደቁት በጉሮሯቸው ጥርስ ነው። (ይህን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። እናቴ ግን ዓሣ ስታሰናዳ የጉሮሮውን ጥርስ አውጥታ መጫወቻ ትሰጠን ነበር።) እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅም ነበረው። እዚያ አብዛኞቹ ጠፍተዋል።

ከነጭ ዓሦቹ ከፊሎቹ ረግረጉ ላይ አይወልዱም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰቡና ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ጠጠርና ፈጣን ውሃ ነው። ደለል እንቁላሉን ያፍነዋል። መውጫው ደግሞ ያው አንድ አፍ ነው።

እዚያ አፍ ላይ የምንጠብቃቸው እኛ ነን።

ነሐሴ ፍልሰታ ነው። በፍልሰታ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤት እስካሁን አላለቀም። እናቴ አፏ ላይ አታደርሰውም። አጎቴ "ዓሣ ከመቼ ወዲህ ነው ሥጋ የሆነው?" ይላል። ባሕር ዳር ጉላሽና ጥብስ የሚፈልገው ጾመኛ ግን ብዙ ነው። እንግዲህ ዓሣው እንቁላል ተሸክሞ በአንድ በር በሚያልፍበት ወር ገበያውም ይደራል። ድሮ ከደንገል ታንኳ ላይ የሚጣል መረብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የናይለን መረብና ሞተር ጀልባ መጣ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። 12 ዓመቴ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር በእናቴ ሙቀጫ ዓሣ የሚያደነዝዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጬ ወንዝ ውስጥ በትኛለሁ። ዓሣው ደንዝዞ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። በእጃችን ለቀምነው። እናቴ አንዱን ስትሰነጥቀው እንቁላሉ መዳፏን ሞላው። ምንም አላለችኝም። ሙቀጫውን በአመድ ሦስቴ አጠበችውና ጓሮ አወጣችው፤ ከዚያ ወዲያ በርበሬ አልወቀጠችበትም። ዘመኑ 1995 ዓ.ም. ነበር፣ ጣና ከልክ በላይ የሸሸበት ዓመት። ዝናቡ አንሶ ነበር፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጫራ ጫራ ላይ ባለው የውሃ መቆጣጠሪያ በኩልም ለኤሌክትሪክ ብዙ ውሃ ተለቋል። መርከብ ለወራት ቆመ። ገበሬው ውሃውን ተከትሎ ወርዶ አረሰ፣ ደንገሉም በየቦታው ተመነጠረ። ሐይቁ ሲመለስ ያ ሁሉ ደንገል አብሮ አልተመለሰም።

ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ቁንዝላ ወረድኩ። አጎቴ ታንኳውን ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ግንድ ላይ አስደግፎ ሲያቆም አገኘሁት።

"አያ፣ መረቡን ለዚህ ወር ብቻ ከወንዙ አፍ ወደ ውስጥ ቢያርቁትስ?" አልኩ።

ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። "አንተማ ደመወዝ አለህ" አለኝ።

የምመልሰው አጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ወደ ወንዙ አፍ ሄድኩ። ከእሱ መረብ ሌላ 11 ቆጠርኩ።