ሰኔ 30 የትኛው ነው? የሰርተፊኬት መግቢያ መመሪያ ስጽፍ ያጠፋሁት ጥፋት

የመሥሪያ ቤታችን ቅርንጫፎች ወደ ማዕከሉ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ የሚገቡት በፓስወርድ መሆኑ ቀርቶ በሰርተፊኬት (የተጠቃሚውን ማንነት በሚያረጋግጥ፣ ማብቂያ ቀን ባለው ዲጂታል ፋይል) እንዲሆን ሲወሰን፣ መመሪያውን የመጻፉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ሰርቨሩን ማስተካከል ለባለሙያ፣ ሰነድ መጻፍ ግን ለማንም የሚሰጥ ሥራ ይመስለኝ ስለነበር ቅር እያለኝ ተቀበልኩ፤ በሁለት ቀን ጽፌም አስረከብኩ።

ሥራው ራሱ ብዙ አያስቸግርም። የውስጥ ሰርተፊኬት ሰጪ ታቋቁማላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በዳታቤዙ ውስጥ በተመዘገበበት ስም ሰርተፊኬት ትፈርማላችሁ፤ የግል ቁልፉን (ከሰርተፊኬቱ ጋር የሚጣመረውን ሚስጥራዊ ፋይል) ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው ፈቃዱን 0600 ታደርጋላችሁ፤ በሰርቨሩ የመግቢያ ደንብ ፋይል ላይ የማረጋገጫውን ዓይነት ትለውጣላችሁ። በተጠቃሚው በኩል ሙሉ ማጣራትን በግልጽ ካላዘዛችሁ ፕሮግራሙ የሰርቨሩን ስም ከሰርተፊኬቱ ጋር እንደማያመሳክርም አትርሱ። ይህ ሁሉ በመመሪያዬ ውስጥ ነበረ፤ በዚህ በኩል የሚወቅሰኝ የለም።

የወደቅሁት በእድሳቱ ክፍል ነው። የሁሉንም ቅርንጫፎች ሰርተፊኬት የፈረምኩት በጁን 30 ቀን 2022 ጠዋት በአንድ ጊዜ ተቀምጬ ሲሆን፣ የአገልግሎት ዘመኑን 365 ቀን አደረግኩት። በረቂቁ ላይ «ሰርተፊኬቶቹ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ያበቃሉ» ብዬ ጻፍኩ። ሰነዱን ያጸደቀው ክፍል ግን በመሥሪያ ቤቱ የአጻጻፍ ደንብ መሠረት ቀን የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ነው በማለት «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ሰረዘው። ቀኑን አልቀየረውም፤ ፊደሎቹን ብቻ አነሣቸው። የተስተካከለውን ቅጂ ተመልሶ ሲመጣልኝ አይቼዋለሁ። ስረዛውንም አስተውያለሁ። ለአንዲት ምልክት ብዬ ደብዳቤ መጻጻፍ ሰልችቶኝ ፈረምኩበት፤ ዛሬም ድረስ በእነርሱ ይበልጥ ልናደድ ወይስ በራሴ አልለየልኝም።

ጁን 30 በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ነው። የእኛ ሰኔ 30 ደግሞ ከሳምንት በኋላ ጁላይ 7 ላይ ይውላል፤ በዚያ ላይ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው። ስለዚህ ሂሳብ ለመዝጋት ሁሉም በሚራወጥበት በመጨረሻው ሳምንት፣ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን ዓርብ ጠዋት፣ ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ከዳታቤዙ ይወጡ ጀመር።

አንድ በአንድ የሆነው ሰርተፊኬቶቹን በየጥቂት ደቂቃው ተራ በተራ ስለፈረምኳቸው ነው። ይባስ ብሎ በአንዱ ቢሮ ውስጥ ግማሹ ሰው ሲሠራ ግማሹ አይገባለትም፤ ሰርተፊኬት የሚመረመረው ግንኙነቱ ሲጀመር ብቻ ስለሆነ ማለዳ የገባ ሰው ምንም ሳይሰማው ይቀጥላል። እኔ ይህን አላሰብኩም፤ መስመሩ ነው ብዬ የኔትወርክ ክፍሉን ሰዎች ሳደክም ቆየሁ።

ከዚያ በቴሌግራም የስሕተቱ ፎቶ ደረሰኝ። ጫፉ የተቆረጠ ነው፤ የሚነበበው «ኤስኤስኤል ቪ3» የሚለው ብቻ ነው። ይህ ግንኙነትን የሚያመሰጥር ፕሮቶኮል በ2015 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት እንዲወጣ የተወሰነበት አሮጌ ነገር ስለሆነ፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ሰርቨሩን እያወከው ነው ብዬ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት የፕሮቶኮል ዕትሞችን ስፈትሽ ዋልኩ። በነበረን ኦፕን ኤስኤስኤል (ሰርተፊኬት የሚሠራውና ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ፕሮግራም) ግን ያ ቃል የመልእክቱ የስም ቅርስ እንጂ የፕሮቶኮሉ ዕትም አልነበረም። የተቆረጠው ጫፍ «ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፏል» የሚል ነበር። የሰርቨሩም ሎግ (የክንውን መዝገቡ) ማጣራቱ እንደወደቀ እንጂ የማን ሰርተፊኬት ለምን እንደወደቀ አይናገርም ነበር።

በመጨረሻ አንዲት የቅርንጫፍ ባለሙያ ደውላ መመሪያውን እያነበበች፣ «ወንድሜ፣ ሰኔ 30 እኮ ገና ሳምንት ይቀረዋል፤ እኔ ሰኞ ላድሰው ይዤዋለሁ» አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እሷ የተጻፈውን በትክክል አንብባለች። አንዱ ባልደረባዋ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ኋላ መልሶ ሞክሮ ነበር፤ የተጠቃሚን ሰርተፊኬት የሚመረምረው ሰርቨሩ በራሱ ሰዓት ስለሆነ አልረዳውም። የሰርቨሩን ሰዓት እንድንመልስም የጠየቁኝ አሉ፤ የበጀት መዝጊያ ምዝገባ በሐሰት ቀን ሊመዘገብ ስለሆነ እምቢ አልኩ። በዚያ ቀን ካደረግሁት የማልጸጸትበት ይህ አንዱ ነው።

በነጋታው ቅዳሜ ሁሉንም አደስን፤ እኔ ደግሞ መመሪያውን ከመጀመሪያው አፍርሼ ጻፍኩት። በመሞከሪያ ሰርቨር ላይ ሆን ብዬ አበላሸሁ፦ ጊዜው ያለፈ ሰርተፊኬት፣ በሌላ ሰው ስም የተፈረመ፣ ከማይታወቅ ሰጪ የመጣ፣ ጭራሹን ያልቀረበ። እያንዳንዱ በተጠቃሚው በኩልና በሎጉ የሚያወጣውን መልእክት ሳላሳጥር ቀዳሁ። ከሁሉም በላይ የጠቀመው ማን ማንን እንደከለከለ መለየቱ ነው። በተጠቃሚው ማሽን ላይ የሚወጣው መልእክት «አለርት» የሚል ቃል ካለበት የከለከለው ሰርቨሩ ነው፤ ስለዚህ የራስን ሰርተፊኬት ማየት ይገባል። ማጣራቱ ወደቀ ብቻ ካለ ደግሞ የራስ ፕሮግራም ነው የሰርቨሩን ያልተቀበለው። የፖስትግሬስ ይፋ ሰነድ እያንዳንዱ ማስተካከያ ምን እንደሚሠራ በደንብ ይናገራል፤ የጨነቀው ሰው ግን የሚፈልገው ፊቱ ያለውን መልእክት ነው፤ ስለዚህ የእኔ መመሪያ አሁን በመልእክቶቹ ይጀምራል።

የአገልግሎት ዘመንን በተመለከተ ከብዙዎች ምክር እለያለሁ። ዘመኑ ይጠር ይላሉ፤ ለሕዝብ ድረ ገጽ የሚሰጡት ሰርተፊኬቶች እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ወደ 47 ቀን እንዲወርዱ ተወስኗል። እድሳቱን ማሽን ለሚሠራለት መልካም ነው። በእጅ የምታድሱ ከሆነ ግን አንድ ዓመት ስጡትና በቀን ብዛት አትቁጠሩ፤ ኦፕን ኤስኤስኤል ማብቂያውን በቀንና በሰዓት መወሰን ያስችላል። የእኛ አሁን የሚያበቃው ጥቅምት ውስጥ፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ፋይሉ የሚያሳየው የግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ 07:00 ይላል፤ በእኛ ልማድ ሰባት ሰዓት ብሎ የሚያነበው ሰው ስለማይጠፋ ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ሁለተኛውን ዕትም እንዲጸድቅ ስልከው፣ ያው ክፍል «ጁን» የሚለው ቃል ከደንቡ ውጭ ነው ብሎ መለሰው። አልፈረምኩም። ሦስት ሳምንት ተጻጽፈን ሁለቱም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ቆዩ፤ ከግርጌያቸውም ማብቂያውን ከሰርተፊኬቱ ፋይል ላይ የሚያነበው ትእዛዝ ገባ።