«መጥሪያ ደርሷል ወይ?»

መዝገቡ ተጠርቶ ተከሳሽ ካልቀረበ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው። ከሳሽ «አዎ፣ ያውቃል» ቢል ፋይዳ የለውም። ችሎቱ የሚያየው ተፈርሞበት የተመለሰውን የመጥሪያ ቅጂ ነው፤ ያ ቅጂ ከመዝገቡ ጋር ካልተያያዘ ቀጠሮው ከሽፏል።

መጥሪያ የሚወጣው ክሱ ተመርምሮ፣ የዳኝነት ክፍያ (ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው ገንዘብ) ተከፍሎና መዝገብ ተከፍቶ ሲያበቃ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 233 እንደደነገገው፣ ለተከሳሽ የሚደርሰው መጥሪያው ብቻ ሳይሆን የክስ ማመልከቻውና አባሪዎቹም ጭምር ናቸው። ተከሳሹ የመከላከያ መልሱን ይዞ በተቆረጠው ቀን እንዲቀርብ ይታዘዛል፤ ቢቀር ወይም ባዶ እጁን ቢመጣ ጉዳዩ እንደሚቀጥልም እዚያው ይነገረዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተከሳሽ ሙሉ ጥራዝ ያስፈልጋል። ተከሳሾቹ ባልና ሚስት ሆነው አንድ ጣሪያ ሥር ቢኖሩም ጥራዙ ሁለት ነው፣ ፊርማውም ሁለት። ማስረጃ ጎድሎበት የደረሰ ክስ «አባሪው አልደረሰኝም» የሚል ተቃውሞ ይጋብዝና አንድ ቀጠሮ ይበላል።

መጥሪያውን ከመዝገብ ቤት ሲረከቡ መስኮቱ ጋ ቆመው ያንብቡት። የተከሳሹ ስም እስከ አያት ተጽፏል? የመዝገብ ቁጥሩ፣ ችሎቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ ከቀጠሮው ጋር ይገጥማሉ? ማኅተም አርፎበታል? ከአንድ ሰፈር ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ስም በሚጠራበት አገር የአያት ስም መቅረት ቀላል ግድፈት አይደለም። አድራሻ ላይም ክፍለ ከተማና ወረዳ ብቻ ጽፎ መተው ለመጥሪያ አድራሹ «ፈልገህ አግኘው» እንደማለት ነው፤ የቤት ቁጥር ከሌለ የሚታወቅ ምልክትና ስልክ ይጨመር።

ዋናው ደንብ መጥሪያን ለተከሳሹ በእጁ መስጠት ነው። መጥሪያ እንዲቀበል ሥልጣን የተሰጠው ወኪል ካለው ለወኪሉ መስጠት ይበቃል። ተከሳሹ ካልተገኘ አብሮት ለሚኖር፣ 18 ዓመት ለሞላው የቤተሰብ አባል ሊሰጥ ይችላል። በር ላይ የተገኘ ዘበኛ ፈርሞ መቀበሉ ግን አያስተማምንም፤ ነገ ተከሳሹ «እኔ ዘንድ አልደረሰም» ሲል ከሳሹ መልስ ያጣል። ድርጅት ሲሆን መዝገብ ክፍሉ በገቢ ቁጥር፣ በቀንና በማኅተም ቢቀበል ይሻላል።

የሚመለሰው ቅጂ ላይ የተቀባዩ ሙሉ ስም፣ ከተከሳሹ ጋር ያለው ዝምድና፣ ቀኑና ፊርማው በግልጽ ይስፈሩ። «ተቀብያለሁ» ተብሎ የማን እንደሆነ የማይለይ ጭረት ብቻ ያለበት ቅጂ በየችሎቱ ያጋጥማል፤ ያው እንዳልደረሰ ይቆጠራል ማለት ይቻላል።

ተከሳሹ አልቀበልም ካለ መጥሪያው በሚኖርበት ቤት በር ላይ ወይም በግልጽ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። እዚህ ላይ ሪፖርቱ ከመለጠፉ ይበልጣል፤ ስንት ሰዓት እንደተሄደ፣ ምን እንደተባለ፣ ቤቱን ማን እንዳሳየና ሲለጠፍ ማን እንደነበረ በስም ይጻፍ። «ሄጄ ለጥፌ ተመልሻለሁ» የምትል አንዲት መስመር ለዳኛው ምንም አትነግረውም። ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል፣ ሪፖርቱን ግን አይተካም።

ብዙ ከሳሽ የሚቸኩለው ወደ ጋዜጣ ጥሪ ነው። ቁጥር 105 ይህን የሚፈቅደው ተከሳሹ ሆን ብሎ እንደተሰወረ ወይም መጥሪያው በተለመደው መንገድ ሊደርሰው እንደማይችል ፍርድ ቤቱ ሲያምን ነው። አድራሻው እየታወቀ «ሊገኝ አልቻለም» ብሎ በቃለ መሐላ ማረጋገጥና በአዲስ ዘመን ማሳወጅ ውሎ አድሮ ራስን መጉዳት ነው። ተከሳሹ አድራሻው ይታወቅ እንደነበር ካስረዳ ፍርዱ ይነሣል።

በቁጥር 70 መሠረት መጥሪያው በአግባቡ መድረሱ ከተረጋገጠ ክርክሩ ተከሳሹ በሌለበት ይታያል። ካልደረሰ ሌላ መጥሪያ ይወጣል። ደርሶ ግን ለመዘጋጀት በቂ ጊዜ ካልሰጠው ቀጠሮው ይለወጣል። ያልደረሰው በከሳሹ ጥፋት ከሆነ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል፤ መጥሪያውን በኪሱ ይዞ ቀጠሮው ድረስ የሚቆይ ከሳሽ ይህን መርሳት የለበትም።

በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ በቁጥር 78 መሠረት ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ይነሣልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። የሚያስረዳው መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት እንዳልቀረበ ነው። ክርክሩ የሚጠነክረው «ያወቀው» መቼ ነው በሚለው ላይ ስለሆነ፣ ወሬውን የሰማ ሰው ቀን ሳያባክን መዝገቡን አስወጥቶ የመጥሪያውን ቅጂ ይመልከት፤ ማን ፈረመ፣ በየትኛው አድራሻ፣ በምን ቀን።