ዲዛይኑን ከባለቤቱ ስልክ ጀመርኩት

ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚጠግን አንድ አነስተኛ ድርጅት ድረ ገጹን እንዳድስለት ሲጠራኝ የባለቤቱ ቅሬታ አጭር ነበር፦ «ሰው ይገባል፤ የሚደውል ግን የለም።» የፈለጉት አዲስ ቀለምና የሚንቀሳቀስ ምስል ነው። እኔ ግን ከቀለሙ በፊት ስልካቸውን ጠየቅኋቸው፤ ደንበኞች የላኩላቸውን መልእክት ቁጭ ብለን አነበብን።

የሚጠየቀው ያው በያው ነው። «ይህን ማርክ ትሠራላችሁ?» «ቤት ትመጣላችሁ ወይስ ላምጣው?» «ለማየት ብቻ ታስከፍላላችሁ?» «መልሶ ቢበላሽስ?» የቀድሞው ገጽ ከነዚህ አንዱንም አይመልስም። ራዕይና ተልእኮ ግን በሰፊው ተጽፏል፤ ክራቫት ያሰሩ ሰዎች የሚጨባበጡበት፣ ከየትም ድረ ገጽ የማይጠፋው ፎቶም አለ። ፍሪጁ ውሃ የሚያንጠባጥብበት ሰው የድርጅት ራዕይ ምን ይሠራለታል?

ስለዚህ ገጹን በጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል አዋቀርኩት። ከላይ በትልቁ፦ «ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቤትዎ ድረስ መጥተን እንጠግናለን።» ከሥሩ የምንሠራቸው ማርኮች፣ ቀጥሎ ክፍያው፣ ከዚያ ዋስትናው። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን ሰዎች ድረ ገጽን በዓይናቸው ይቃኙታል እንጂ ቃል በቃል አያነቡትም ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ዛሬም ሰው ስልኩን ይዞ ሲያይ ጎኑ ሆናችሁ ብትመለከቱ ያንኑ ታያላችሁ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ንዑስ ርዕስ ብቻውን ቢነበብ መልስ እንዲሆን አድርጌ የጻፍኩት። «አገልግሎታችን» ከሚል ይልቅ «ለማየት የምናስከፍለው ከጥገናው ሂሳብ ይቀነሳል» የሚለው ሥራውን ይሠራል።

ክፍያው ላይ ተከራከርን። ባለቤቱ «ዋጋ ከጻፍን ሰው ይሸሻል» አሉ። በዋጋ የሚሸሽ ሰውማ በስልክም ይሸሻል፤ ልዩነቱ ያኔ የእርስዎን ጊዜ በልቶ መሄዱ ነው አልኳቸው። በመጨረሻ የምርመራውን ክፍያ በግልጽ አስቀመጥን፤ የጥገናው ዋጋ ግን እንደ ብልሽቱና እንደ መለዋወጫው ስለሚለያይ፣ ሥራው ሳይጀመር ዋጋው ተነግሮ ደንበኛው ካልተስማማ እንደማይነካ ጻፍን። ብዙ ሰው የሚፈራው ውድ መሆኑን ሳይሆን ማሽኑ ከተፈታ በኋላ የሚመጣውን ሂሳብ ነው።

ስልክ ቁጥሩ በፎቶ ላይ የተጻፈ ስለነበር በጣት ቢነካም አይደውል፣ ኮፒም አይደረግ። አውጥቼ በጽሑፍ አደረግኩት፤ በስልክ ለሚገባ ሰው ከስክሪኑ ግርጌ የማይጠፋ «አሁን ይደውሉ» የሚል ሰፊ ቁልፍ ሆነ። መደወል ለማይመቸው አጭር ፎርም አለ፦ ስልክ ቁጥር፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የሚታየው ችግር። ኢሜይል አወጣሁት፤ ለጥገና ኢሜይል የሚጽፍ ማን አለ? የስልኩ ሳጥን ሲነካ የፊደል ሳይሆን የቁጥር ኪቦርድ ይመጣል። ቁልፉም «አስገባ» መሆኑ ቀርቶ «ደውሉልኝ» ሆነ። ከተላከ በኋላ መልእክቱ መድረሱንና መቼ እንደሚደወል የሚናገር ጽሑፍ ይወጣል፤ ያ ከሌለ ሰው ደጋግሞ ይልካል ወይም ተስፋ ቆርጦ ሌላ ዘንድ ይሄዳል።

ፍጥነቱን ያዘገዩት ከካሜራ እንደወጡ የተጫኑ ፎቶዎች ነበሩ። በሚታዩበት ልክ አሳንሼ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የምስል ፋይል ዓይነት ቀየርኳቸው። ጎግል የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል፤ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በሚባለው የጎግል መሣሪያ በነጻ መለካት ይቻላል። የእያንዳንዱን ፎቶ ስፋትና ቁመትም ኮዱ ውስጥ ጻፍኩ፤ አለበለዚያ ፎቶው ዘግይቶ ሲመጣ ገጹ ይገፋና ለመደወል የወረደው ጣት ሌላ ነገር ላይ ያርፋል። የሚንቀሳቀሰውን ምስል ባለቤቱ ቢወዱትም አላስገባሁትም።

ከመልቀቃችን በፊት ገጹን አይተው ለማያውቁ ጥቂት ሰዎች ሰጥቼ «ማሽንህ ውሃ አላወጣ ብሏል፤ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ፤ «እዚያ ጋ ንካው» የሚል ቃል አፍ ላይ ይመጣል። አንዷ የት የት አካባቢ እንደሚሄዱ ፍለጋ እስከ ግርጌ ወርዳ ተመለሰች። የአካባቢዎቹ ዝርዝር ያኔውኑ ወደ ላይ ወጣ።

ሁለት ዓይነት ገጽ አውጥቶ ማወዳደር የሚባለውን አልሞከርኩም፤ ጥቂት ጎብኚ ላለው ድርጅት ውጤቱ የአጋጣሚ ይሁን የዲዛይኑ መለየት አይቻልም። ይልቅ የመደወያው ቁልፍ በተነካ ቁጥር እንዲመዘገብ አደረግኩ፤ ስልክ የሚያነሳው ሰው ደግሞ «ከየት አገኙን?» እያለ ደብተር ላይ ይጽፋል። ቁልፍ ነክቶ ሳይደውል የሚቀር አለና ሁለቱን አስተያይቶ ማየት ይጠቅማል።

በኋላ ሰዎች ጎግል ላይ ምን ፈልገው ወደ ገጹ እንደሚመጡ የሚያሳየውን ሰርች ኮንሶልን ስከፍት ማይክሮዌቭ የሚያስጠግኑ ሰዎችም ወደ ገጹ እንደሚመጡ አየሁ። ድርጅቱ ማይክሮዌቭ አይነካም። ባለቤቱ ቅር እያላቸውም ቢሆን «ማይክሮዌቭ አንጠግንም» የሚል መስመር ከማርኮቹ ዝርዝር ሥር ገባ።