አምስት ፓውንድ ላይ ያለችው ሴት

ስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ሺፍት። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያላቸው አንዲት እናት ከቦርሳቸው የአምስት ፓውንድ ኖት አወጡና "ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?" አሉኝ። አላውቃትም። ስንት ጊዜ ዳቦ ገዝቼባታለሁ፣ ፊቷን ግን አይቼው አላውቅም።

ናን ሼፐርድ ትባላለች። እዚሁ አበርዲን እንግሊዝኛ ስታስተምር ኖራለች። ከ1928 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ሦስት ልቦለድ አሳትማለች። ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ አካባቢ ስለ ኬርንጎርም ተራሮች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጻፈችና መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻት። የታተመችው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ሠላሳ ዓመት መሳቢያ ውስጥ! "ዘ ሊቪንግ ማውንቴን" ትላታለች፣ ሕያው ተራራ እንደ ማለት ነው።

እኔን ያሳደገኝ ልቦለድ ነው። ደብረ ማርቆስ ሃይስኩል እያለሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ሦስቴ አንብቤዋለሁ፣ ወጋየሁ ንጋቱ የተረከውንም ከአባዬ ጋር ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ። ለሰብለ ወንጌል አልቅሻለሁ። አገሩና መሬቱ ሲወራ ግን ገጹን እዘል ነበር፣ ቶሎ ወደ ሰዎቹ መመለስ ነበር የምፈልገው። ስለዚህ የናንን መጽሐፍ ስጀምር ግራ ገባኝ። ውሃ፣ በረዶ፣ ድንጋይ፣ ብርሃን። ታሪኩ የት አለ? አሥር ገጽ አንብቤ ተውኳት።

ከወራት በኋላ ነው እንደገና ያነሳኋት፣ ቤቱ ሁሉ የተኛ ሌሊት። አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ብለሽ በእግሮችሽ መሃል ተራራውን ተገልብጦ ብታዪው ሌላ ዓለም ይሆናል ትላለች። ደነገጥኩ። እኛ ልጆች ሆነን ጮቄ ሥር ከብት ስንጠብቅ ይህንኑ እናደርግ ነበር፣ አያቴም ሲያዩን "እንግዳ ሊመጣ ነው" ይሉን ነበር። ለካ ያ ነገር ይጻፋል! ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ የሷ ትልቁ ቤን ማክዱዊ 1,309 ሜትር ብቻ ነው፣ ግን እሷ ተራራዋን እንደ ጎረቤት ታውቀዋለች፣ እኔ የኔን አላውቀውም። ይህ በጣም ቆረቆረኝ።

ነሐሴ ላይ በአውቶቡስ እነዚያ የናን ተራሮች አጠገብ ወዳለችው ብሬማር መንደር ሄድኩ። ኮረብታው ሁሉ ሐምራዊ ሆኗል፣ ሄዘር የሚሉት አበባ ነው። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ስነካው እጄ አወቀው። በቪዲዮ ለእማዬ አሳየኋት።

"አስታ ነው እንዴ?" አለችኝ። "የኛ እንኳ አበባው ነጭ ነው።"

ቤት ገብቼ ሳነብ ሁለቱ በእርግጥ አንድ ቤተሰብ ናቸው። እማዬ ግን በዚያ አላቆመችም፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እሷ የጮቄን ተክሎች፣ ጅብራውን፣ ጓሳውን፣ አምጃውን አንድ ባንድ ጠራችልኝ፣ የቱ ለቤት ክዳን እንደሚሆን፣ የቱ እንደጠፋ። የመጽሐፏ የኋላ ባዶ ገጽ ላይ ሁሉንም ጻፍኩት።

ፍቅር እስከ መቃብርን አሁን ለአራተኛ ጊዜ ጀምሬዋለሁ፣ አንድም ገጽ ሳልዘል። እሁድ ደግሞ እማዬ የምንጮቹን ስም ልትነግረኝ ቀጥራኛለች።